የወንዙ ስፋት

«ታዲያ ለምን ጨዋታ እንለዋለን? ሎተሪ ብለነው እንገላገል እንጂ!» አለ ዳኛው፣ ነጩን የፕላስቲክ ዳይስ በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ ከፊቱ እያራቀ።

«አሃ! ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ስታሸንፍ ስሌት ነበር፤ ዛሬ እንቢ ሲልህ ሎተሪ ሆነ?» አለችው እህቱ። ንግግሯን ተቀምጣ ጀምራ ቆማ ጨረሰችው።

«ዛሬማ እኔንም አንቺንም እንቢ ብሏል። ከቁርስ ጀምሮ እዚህ ተጎልተን አንዲት ጠጠር ወንዙን ተሻገረች? ንገሪኛ! አንዲት!»

«አንዲት ተሻግራለች» አለች መስኮቱ ሥር ብሩሽ ይዛ የተቀመጠችው ሚስቱ። «የኔዋ።»

«ያንቺ አይቆጠርም። አንቺ ዕድለኛ ነሽ።»

«ይኸው! ሚስትህ ስትሻገር ዕድል፣ አንተ ስትሻገር ዕውቀት!»

ሰውዬው በሕይወቱ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆሞ አያውቅም። በወጣትነቱ የቼዝ ውድድር ላይ ሰዓት ይይዝና የተጣሉትን ያስማማ ስለነበር ዳኛው የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ተስማማው መሰል፣ ቤት ውስጥ ሳሙናውን ማን ጨረሰው በሚል ክርክር እንኳ ግራ ቀኙን ሰምቶ ብይን ካልሰጠ እንቅልፍ አይወስደውም። እህቱን ቁንጫ ያላት ደግሞ እሱ ነው። በልጅነቷ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አንድ ሳህን ምግብ የጨረሰችበት ቀን አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላም ያው ናት። ስታስብ ትራመዳለች፣ ስትናደድ ትራመዳለች፣ ስልክ ስታወራ ጠረጴዛውን ትዞረዋለች።

ሦስቱ የሰሌዳ ጨዋታ ይሠራሉ። እህት ታስባለች፣ ወንድም ሕጉን ይጽፋል፣ የወንድም ሚስት ሰሌዳውን ትስላለች። የሚሠሩበት ክፍል ከቁልፍ ሠሪ ሱቅ በላይ ስለሆነ፣ ከታች ማሽኑ ብረት በነከሰ ቁጥር ወለሉ ከእግር ጥፍራቸው እስከ ጥርሳቸው ይነዝራቸዋል። ከግድግዳው ጋር የተደገፉ የተጣሉ ሰሌዳዎች አሉ፤ ወለሉ ላይ የካርቶን ቁርጥራጭ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጨዋታቸውን ሊያመርት ካሰበው ፋብሪካ ዛሬ ጠዋት የመጣው አዲስ የናሙና ሳጥን፣ ሽታው ገና ያልለቀቀ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ተጫዋቹ ሸክም የጫኑ ሦስት ጠጠሮች አሉት፤ ዳይስ እየጣለ ያስኬዳቸዋል። ሰሌዳው መሃል ላይ አምስት ቤት ስፋት ያለው ወንዝ ተኝቷል። ዳር የደረሰ ጠጠር ወንዙን በአንድ ዝላይ ማለፍ አለበት፤ ለዚህም ባለቤቱ ዳይሱን ከመጣሉ በፊት ጮክ ብሎ «እሻገራለሁ» ማለት አለበት። ወንዙ አምስት ቤት ስለሆነ፣ ስድስት ከመጣ ጠጠሩ ማዶ ነው። ከስድስት ካነሰ ውኃ ይወስደዋል፤ ሸክሙን ጥሎ ከመጀመሪያው ይነሣል። ያልደፈረ ሌሎቹን ጠጠሮች እያንቀሳቀሰ ዳር ዳር ማለት ይችላል። ጨዋታው እንግዲህ ይችው «እሻገራለሁ» የምትባለዋ ቃል ናት።

ወንዙ የቁንጫ ነው። መጀመሪያ ወንድሟ በወረቀት አስልቶ «ሦስት ቤት ይበቃዋል፤ ከዚያ ከሰፋ ማንም አይደፍርም» ብሎ ነበር። ሲጫወቱት ግን ሦስቱ ጠበባት። ሰው ሁሉ እየሳቀ ይሻገራል፣ የሚፈራ የለም። አራት አደረገችው፤ አሁንም ያው። አምስት ስታደርገው ክፍሉ ጭጭ አለ፤ ሰው ቃሏን ከማውጣቱ በፊት ምራቁን መዋጥ ጀመረ። ዳኛው ወረቀቱን ከሰሌዳው፣ ሰሌዳውን ከወረቀቱ ሲያመሳክር ከርሞ በመጨረሻ ወረቀቱን ቀደደና «እጅሽ ያውቃል» አላት። ያ ሰው ለማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም። እሷም ቃሉን ደብቃ እንደምታቆየው ጌጥ ይዛው ቆየች።

አሁን ግን ቃሉ ሌላ ክብደት መጥቶበታል። የፋብሪካው ገምጋሚ ከወራት በፊት መጥታ ጨዋታውን ስትሞክር «ይህን ወንዝ ያሰበው ማነው?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ ዳኛው በአገጩ ወደ እህቱ ጠቆመ። ሴትየዋ ስትወጣ ደረጃው ላይ የቁንጫን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ ፋብሪካው ባለበት ከተማ፣ አዳዲስ ጨዋታ በሚታሰብበት ክፍል አንድ ባዶ የሥራ ወንበር መኖሩን፣ ለመጨረሻው ምርመራ ስትመለስ መልሷን እንደምትፈልግ በጆሮዋ ነገረቻት። ቁንጫ ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እጄ የሚያውቅ ከሆነ የትም ሄዶ ያውቃል፣ እያለች ስታሰላስል ሰነበተች፤ ያጋጣሚ ነገር ከነበረ ግን ምን ይዤ ነው የምሄደው? ማረጋገጫዋ ያ ወንዝ ብቻ ነበር። ገምጋሚዋ ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች፤ ወንዙ ደግሞ ዛሬ ጠዋት፣ ከአዲሱ ሳጥን በወጣ ሰሌዳና ዳይስ ሲጫወቱት፣ ሞቶ ተገኘ። የደፈረ ሁሉ ይሰምጣል፤ ሁለቴ የሰመጠ ደግሞ አይደፍርም፤ ሁሉም ዳር ላይ ተኮልኩሎ ያዛጋል።

«እና ምን ይሁን ነው የምትለው?» አለች፣ ጠረጴዛውን እየዞረች።

«ዳይሱ ይውጣ። ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ እስከ ስድስት የተጻፈባቸው ካርዶች እንስጠው፤ ስድስቱን መቼ እንደሚያወጣ ራሱ ይወስን። ያሰበ ያሸንፋል፣ ያላሰበ ይማራል።»

«ያላሰበማ ተነሥቶ ይሄዳል! ጋሼ፣ ካንተ ጋር ሁለተኛ ቼዝ የተጫወተ ሰው ጥራልኝ እስቲ።»

«እኔስ ሁለተኛ ከመጫወት ብዬ ነው ያገባሁት» አለች ሚስቱ።

ቁንጫ ሳታስበው ሳቀች፤ ወንድሟ ግን አልሳቀም። ሁለቱን በየተራ አይቶ ብይኑን ሰጠ፦ «ካርቶን ልገዛ ወርጃለሁ። ሴትየዋ ሳትመጣ ካርዶቹን ቆርጬ አደርሳለሁ። ዕድል ላይ የቆመ ሥራ ላሳያት አልችልም፤ አፍራለሁ።»

«ወንዜስ?»

«ወንዝሽን በካርድም መሻገር ይቻላል» አለና በሩን ዘግቶ ወረደ።

ቁንጫ እንደ ልማዷ መራመድ ጀመረች። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ የፋብሪካውን ሰሌዳ አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከእርሳስ ማስቀመጫው ኩባያ ውስጥ የድሮውን የእንጨት ዳይስ አወጣችና ከእጅ ወደ እጅ ታቀባብለው ጀመር። ዳኛው ራሱ ሥራውን በጀመሩበት ቀን ከተሰበረ ወንበር እግር ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ነጥቦቹን በጋለ ምስማር የተኮሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ተቀይሯል፣ ሕግ ተቀይሯል፣ ጠጠር ተቀይሯል፤ ይህ ዳይስ ግን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። «አንድ ነገር ሲፈተሽ ሌላው አይነካም» የሚለው የዳኛው ሕግ ነው፤ ሰውዬው በፍተሻ ጉዳይ ከመነኩሴ ይብሳል። ዳይሱ የተሰናበተው ገና ዛሬ ጠዋት፣ የፋብሪካዎቹ ሲመጡ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አዞርሽኝ እኮ» አለች ሰዓሊዋ የወንድሟ ሚስት። «ተቀመጪ፣ ወይ ደግሞ ወጣ በይና…»

ዳይሱ ከቁንጫ እጅ አመለጠ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነጠረና ጭልቅ ብሎ ብሩሽ ማጠቢያው ብርጭቆ ውስጥ ገባ።

«እሰይ! ውኃውን አሁን ነው የቀየርኩት!»

«ይቅርታ እታለም፣ ላውጣው» ብላ ቁንጫ ጎንበስ አለች፤ ግን አላወጣችውም። ዳይሱ ስድስቱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል። በጣቷ ነካ አደረገችው። ገለበጥ አለ፣ አመነታ፣ ተመልሶ በስድስት ቆመ። ሰዓሊዋም በብሩሿ እጀታ ሁለቱን ወደ ላይ አዞረችው፤ ዳይሱ አልጋ ላይ እንደሚገላበጥ ሰው ቀስ ብሎ ዞሮ እንደገና ስድስቱን አሳያቸው።

«እንዴ» አለች ሰዓሊዋ።

ነገሩ ለዓይን ግልጽ ነበር። ስድስት ጊዜ በጋለ ምስማር የተበላ ገጽ፣ አንድ ጊዜ ከተበላው ይቀላል፤ ዳኛው ደግሞ ሥራ ሲወድ አብዝቶ ይወዳልና ቀዳዳዎቹን ጥልቅ አድርጎ ነበር የተኮሳቸው። የቀለለው ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወጣ ኖሯል።

«ታዲያ እኔ ዕድለኛ አይደለሁማ!» ብላ ሰዓሊዋ መሳቅ ጀመረችና የቁንጫን ፊት አይታ ተወችው። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ሦስት ነበር።»

«ምኑ?»

«ወንዙ። ጋሼ ልክ ነበር፣ ወረቀቱ ልክ ነበር። እጄ ምንም አያውቅም እታለም። የሚያውቀው ይሄ እንጨት ነው።»

ሰዓሊዋ ብሩሿን አስቀመጠች። የቤቱን ሰላም ከምንም ነገር በላይ የምትወድ ሴት ናት፤ ባሏና የባሏ እህት ሲጣሉ ሁልጊዜ መሃል ላይ ተንጠልጥላ የምትቀረው እሷ ናትና። «ስሚኝ ቁንጭዬ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሴትየዋ የምትጫወተው አንድ ዙር ነው። በእንጨቱ ትጫወት። ደስ ይላታል፣ ትፈርማለች፣ ካርዱም ይቀራል። ዝም ካልን ማን ያውቃል?»

«ከዚያስ? ሰው ገዝቶት ቤቱ ሲገባ?»

«የዚያን ጊዜ የዚያ ቤት ሰዎች ይጣሉበት። እኛ ጠግበናል።»

ቁንጫ ዳይሱን አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው። መጀመሪያ ኪሷ ውስጥ፣ ቀጥሎ ኩባያው ውስጥ፣ በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠችው፤ እንደገና ልታነሣው እጇን ስትሰድ ደረጃው ላይ ሁለት ድምፅ ተሰማ።

ዳኛው ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ገባ። በር ላይ ያገኛት ገምጋሚ ከኋላው ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት። ዳኛው ስለ ካርዶቹ ማስረዳት የጀመረው ከታች ሳይሆን አይቀርም፤ «…ዕድል የሚባለውን ነገር ከሥሩ ነቅለን…» እያለ ነበር የገባው።

«ቆይ ወንድሜ፣ ደረጃችሁ ነፍሴን አውጥቷታል። መጀመሪያ ውኃ።»

ቁንጫ ውኃ ቀድታ ስትሰጣት ሴትየዋ በዓይኗ ጠየቀቻት። «ከጨዋታው በኋላ» አለች ቁንጫ በሹክሹክታ።

«እሺ። ካርዱን በኋላ አያለሁ» አለች ገምጋሚዋ፣ ወንበር እየሳበች። «አሁን ግን ያቺን ያየኋትን ጨዋታ፣ እንዳለች ልጫወታት። ይቺ ናት ዳይሷ?» እጇን ሰደደችና የእንጨቱን አነሣች።

ሰዓሊዋና ቁንጫ ተያዩ።

ጠዋት የሞተው ጨዋታ ነፍስ ዘራ። ገምጋሚዋ «እሻገራለሁ!» ብላ ስትሰምጥ ጠረጴዛውን መታች፤ ደግማ ብላ ስትሻገር ከወንበሯ ብድግ አለች። ዳኛው እንኳ ካርቶኑን ረስቶት ነበር። ጠጠሩን ዳር አስቁሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከቆየ በኋላ «አሁን ነው ጊዜው» ብሎ ጣለና ስድስት ሲመጣለት፣ «አዩ፣ ትዕግሥት ነው» አላት ለገምጋሚዋ። «ዝም ብሎ መወርወር አይደለም። ሁኔታውን ማንበብ ያስፈልጋል።» ሰዓሊዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

ተራው የቁንጫ ሆነ። ጠጠሯ ዳር ላይ ናት። ገምጋሚዋ መነጽሯን አውልቃ አየቻት።

«የኔ እህት፣ እኔ ጨዋታ ስገመግም ጸጉሬ ሸብቷል» አለች። «አምስት ቤት! ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ሰው አምስት አይደፍርም። ይህ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ እጅሽ ላይ ያለ ነገር ነው።»

ቁንጫ ይህን ቃል ከእንግዳ ሰው አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር! አሁን ሲመጣ ዓይኗን ከዳይሱ አላነሣችም። «እሻገራለሁ» አለች። ጣለች። ስድስት። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ ሰዓሊዋም በግዷ አጨበጨበች።

ጠጠሯን አላንቀሳቀሰችም። ዳይሱን አነሣችና ገምጋሚዋ አጋምሳ በተወችው የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው።

«ምን ነካሽ አንቺ!» አለ ዳኛው። «እንግዳ በሚጠጣበት…»

«እየው ጋሼ። ዝም ብለህ እየው። ገልብጠውና እየው።»

ዳኛው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣ። በጣቱ ነካ። ገለበጠ። ጠበቀ። እንደገና ገለበጠ። ገምጋሚዋ መነጽሯን አደረገች።

«ሦስት!» ብሎ ጮኸ ዳኛው በድንገት። «ሦስት አላልኩም?! ወረቀቱ ሦስት አላለም?! ቀድጄው… ወይኔ ወረቀቴ!» ብርጭቆውን እንደያዘ አንድ ዙር ዞረ፤ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ከዚያ እግሩ ቀስ አለ። ጠጠሩን አየ፣ ማዶ የደረሰውን። «ይሄ ማለት…» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

«ያ ሁሉ… ሁኔታውን እያነበብኩ የጠበቅኩት…»

«የገዛ ምስማርህን ነው የጠበቅከው» አለች ሚስቱ።

ዳኛው ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ብዙ ነገር ተፈራረቀ፤ ቁንጫን አሳዘናት። ግን «የሆነ ሆኖ» አለ፣ ከፍርስራሹ ውስጥ የተረፈ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው፣ «ዳይሱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ገምጋሚዋ ዳይሱን አውጥታ በመሐረቧ አበሰችው። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ዓይኗ ፈጠነ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? የፋብሪካውን ዳይስ የምናሠራው እኛ አይደለን? አንድ ያለበትን ገጽ አጥፍተን እዚያም ስድስት እናድርግበት። ሁለት ስድስት ያለው ዳይስ።»

«ማጭበርበር ነው!» አለ ዳኛው ከወንበሩ እየተነሣ።

«ሁሉም ሰው ዓይኑ እያየ? ሳጥኑ ላይ በትልቁ እንጽፈዋለን።»

«ትክክሉ ወንዙን ሦስት ማድረግ ነው! በትክክለኛ ዳይስ፣ በሦስት ቤት፣ ግማሽ በግማሽ…»

«ግማሽ በግማሽ ማን ምራቁን ይውጣል?» አለች ቁንጫ።

እንዴት እንደወጣት አታውቅም። ሦስቱም ዞረው አዩዋት። «የሚሰምጠው ከሚሻገረው መብዛት አለበት» አለች፣ መራመድ ጀምራ። «ብቻ ከሩቅ የሚታይ ተስፋ መኖር አለበት። ጠዋት ተስፋው ጠፋ። በሦስት ቤት ደግሞ ፍርሃቱ ይጠፋል። ሁለቱ ስድስት… ይሞከር።»

ሰዓሊዋ ከፋብሪካው ዳይሶች አንዱን ወስዳ፣ የአንድን ነጥብ በነጭ ቀለም ደፍና፣ በቀጭኑ ብሩሽ ስድስት ነጥብ አሳረፈችበትና እፍ እፍ ትለው ጀመር። ዳኛው ከጎኗ ቆሞ «አንድ የሌለው ዳይስ! ቼዝ ያለ ንጉሥ በይው!» እያለ ያጉረመርማል፤ ነገር ግን ጠጠሮቹን በየመነሻቸው የሚደረድረው እሱ ነበር።

ገምጋሚዋ አየር ለማግኘት ወደ መስኮቱ ስትሄድ ቁንጫ ተከተለቻት።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አለች በቀስታ። «ወንዙን ያገኘሁት እኔ ነኝ ወይስ እንጨቱ?»

ሴትየዋ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ አሰበችበት። «እኔ እንጃ» አለች። «ከእንጨቱ ጋር የተጫወታችሁት ሦስታችሁ ናችሁ፤ አምስት ያልሽው ግን አንቺ ነሽ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ አውቃለሁ የሚል ሰው ካገኘሽም እንዳታምኚው። ሰኞ ጠዋት ነው ሥራው። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?»

ቁንጫ መንገዱን ተመለከተች። ሰው ይተላለፋል፤ ማዶ ያለው የጫማ ሱቅ ባለቤት ሊዘጋ ዕቃውን እያስገባ ነው። ለዚህ ጥያቄ ስትዘጋጅ የሰነበተችው መልስ «እጄ የሚያውቅ ከሆነ» ብሎ የሚጀምር ነበር፤ አሁን ያ አጀማመር የለም። ዛሬ አድራ ካሰበችበት ደግሞ እንደማትሄድ ራሷን ታውቃለች።

«እመጣለሁ» አለች። «የምሽቱ አውቶቡስ አለ።»

«አለ። ጣቢያው አጠገብ የሠራተኞች ማደሪያ አለን፤ ስሜን ንገሪያቸው» አለችና ገምጋሚዋ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፤ ዳይሱ ደርቆ ነበር።

ቁንጫ ከኋላ ባለችው፣ ከሥራ ክፍሉ በመጋረጃ በተለየች መኝታዋ ገብታ ልብስ መሰብሰብ ጀመረች። የያዘችውን ትጥላለች፣ የጣለችውን ታነሣለች። በመጋረጃው በኩል ሁሉም ይሰማታል። ወንድሟ ሰመጠ፤ ዳይሱን ሰደበው። ሰዓሊዋ ተሻገረች። «አሁንስ ዕድለኛ ነኝ?» አለች። ገምጋሚዋ ሳቀች። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ ቁንጫ ሰሌዳው ላይ አምስተኛውን ቤት የሣለች ቀን የሰማችው ዓይነት ጸጥታ። ከጸጥታው በኋላ ሦስቱም ባንድ ላይ ጮኹ።

ሻንጣዋን በትከሻዋ አንግታ ወጣች። ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ዳኛው እጅጌውን ሰብስቦ፣ አንገቱን ሰሌዳው ላይ አቀርቅሮ፣ በከንፈሩ ይቆጥራል።

«ጋሼ» አለች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ልቁጠርበት! ይህቺን ካስጠጋኋት… ቆይ አንዴ።»

ቆየች። ቆጠራውን ሲጨርስ ሚስቱ «ተሳስተሃል፣ እንደገና ቁጠር» አለችው፤ ተከራከሩ፤ ገምጋሚዋ በመሃላቸው ገብታ ለሰዓሊዋ ፈረደች፤ እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ። ቁንጫ የሻንጣዋን ማንገቻ አስተካከለች። የወንድሟ አናት መሳሳት መጀመሩን ከዚህ በፊት ከላይ አይታው አታውቅም ነበር።

ስትወጣ የሻንጣዋ ማንገቻ የበሩ እጀታ ላይ ተያዘና በሩን ጎተተው፤ ማጠፊያው ሲጥ አለ። ዘወር ያለ ሰው አልነበረም። ማንገቻውን አላቀቀች፣ በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው፣ ደረጃውንም ወረደች።